የአባባ 404 ጣሪያ

ፀሐይ የጠበሰው የመኪና ወንበር እንዴት እንደሚሸት ጂቡቲ ያልኖረ ሰው አውቃለሁ ቢለኝ አላምነውም። ሐምሲን የሚባለው ነፋስ ከተማውን ሲያግለው፣ ዘግተው ያቆሙትን መኪና ሲከፍቱ ፊት ላይ እንደ ጥፊ የሚያርፍ ሽታ አለ። የሰው ሠራሽ ቆዳ፣ የቤንዚን፣ ያረጀ ስፖንጅና የላብ ሽታ። ከሁለት ሳምንት በፊት አትክልት ገዝቼ ስመለስ ፕላስ ሜኔሊክ ጥግ ላይ አንዲት የሙሽራ መኪና ቆማ አየሁ፤ እንደ ጥንቷ የአባባ መኪና ፈረንሳይ ሠራሽ 404፣ ከነጭ ወደ ቅቤ የሚያደላ ቀለም፣ ኒኬሏ ተወልውሎ ዓይን የሚወጋ፣ ኮፈኗ ላይ የፕላስቲክ አበባ የተነሰነሰባት። ከረባቱ አንገቱን ያነቀው ሹፌር አጠገቧ ቆሞ ሙሽሮቹን ይጠብቃል። ፈቃድ ሳልጠይቅ ዘንቢሌን መሬት ጥዬ በመስኮቱ ጭንቅላቴን አስገባሁና አሸተትኩ። «ማማ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ በሶማሌ ቅላጼ። «መኪናዬ ጠፋችብኝ» አልኩት። ያበደች አሮጊት መስዬው ይሆናል፣ ክንዴን ይዞ ቀስ አድርጎ አወጣኝ። ስድሳን ካለፍኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ቀስ አድርጎ ነው የሚነካኝ። ይህ ደግሞ ያናድደኛል፤ እኛ ቤት ማንም ማንንም ቀስ አድርጎ ነክቶ አያውቅም።

ወንድሜ ግርማ ጎማ ባለው ወንበር ላይ ከተቀመጠ አሥራ ምናምን ዓመት ሆነው። ከደረቱ በታች አይንቀሳቀስም፤ እጆቹም ቢሆኑ ከትከሻው ከፍ አይሉም። እንዴት እንዲህ እንደሆነ ሠፈራችን ካርቲዬ ሁለት ውስጥ የማያውቅ የለም። እህቱ አስካለ፣ ማለትም እኔ፣ አትቁረጣት ብላ እየለመነችው፣ እሷን ደብድቦ ያባቱን መኪና ቆረጠ፣ ጫት ሲያበርባት ተሰበረ፣ በቃ። እሱም ለጠያቂ ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ሰው የሚያውቀው ይህን ነው፤ እኔ የማውቀው ሌላ ነው፤ ያንን ደግሞ ለግርማ ነግሬው አላውቅም ነበር። ጭንቅላቴን በዚያች መኪና መስኮት ከትቼ ሳለሁ የወሰንኩት ያኑ ቀን ሳይመሽ ልነግረው ነው። ለእናንተ ግን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

አባታችን ባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ በያጅ ነበር። መኪናዋን የገዛት እኔ ፊደል በምቆጥርበት ዘመን፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ ወታደር ነው። በሠፈሩ ካለነው ሐበሾች መኪና የነበረው እሱ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ቴትሮን ሱሪውን እንደ ስለት አስተኩሶ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ እናታችንን ከፊት እኛን ከኋላ ጭኖ ወደ ራስ ዲካ ባሕር ዳር ይነዳናል። አይስክሬሙ አሥር ፍራንክ፣ ሳምቡሳው አምስት። ከሩቅ የሚመጣ የኦርኬስትራ ድምፅ እየሰማን እንበላለን፤ ላየን ሰው ደስ የምንል ቤተሰብ ነበርን። አባባ ግን መሪውን በግራ እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ በቀኙ ወደ ኋላ መማታት የሚችል ሰው ነው። ማርሽ ይቀይራል፣ ይመታል፣ እንደገና ማርሽ ይቀይራል። ለእናታችን ክርኑ ይበቃው ነበር። ቤት ስንገባ ደግሞ የሞተር ቺንጋ፣ ያንን የጎማ ቀበቶ፣ መዳፉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ነው። ግርማ በስምንት ዓመቱ የመኪናዋ በር ላይ በሚስማር ኳስ ሥሎ ተገኘና አባባ የፊተኛው ፓራውልት ላይ ሁለት እጁን አሰረው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። ኒኬሉ በፀሐይ ግሎ አንጓዎቹን ላጣቸው። እኔ በጣሳ ውሃ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። አባባን ፈርቼ ሳልሰጠው ቀረሁ።

ያም ሆኖ ያቺን መኪና እወዳት ነበር፤ ወንበሯን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ። ከደናግሉ ዘንድ ስፌት ተምሬ እንደጨረስኩ አባባ የተቀዳደደውን ወንበር ነቅሎ ፊቴ ጣለና «እስኪ የተማርሽውን ልየው» አለኝ። ቀይ ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ ነጭ ክር፣ ድርብ ስፌት። ስጨርስ በመዳፉ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። «እጅሽ ይባረክ» አለ። ከአባቴ አፍ የወጣልኝ ምርቃት እሱ ብቻ ነው። በሱ ተነሳስቼ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ሆንኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ የበላሁት በዚያች አንዲት ቃል ነው ብል አልዋሸሁም።

አባባ የሞተው አሮጌው ባቡር ገና ከድሬዳዋ እየተንፏቀቀ ይመጣ በነበረበት ጊዜ ነው፤ እናታችን ቀድማው ሄዳለች። ያኔ በሰሜን በኩል ጦርነት ተነስቶ ወደዚያ ያለው መንገድ ተዘጋና የአገራችን ጭነት ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ከከተማው መግቢያ፣ ፔካ 12 በሚባለው ቦታ ላይ ከባድ መኪኖች ዓይን እስከሚያይ ድረስ ይሰለፋሉ። ሚኒባስ አርባ ፍራንክ፣ አንድ ረጅም የፈረንሳይ ዳቦ ሃያ፣ በላስቲክ የታሰረ በረዶ ውሃ አሥር ነበር። ሴቱ ገላን የሚያሳይ ስስ የድሪዕ ቀሚስ፣ ወንዱ ማዊስ የሚሉትን ሽርጥ አገልድሞ ነጠላ ጫማ፤ የኛ አገር ሹፌሮች ደግሞ በዚያ ሙቀት ጂንስና ቦት ጫማ አድርገው ሲያልባቸው ይውላሉ። የካሴት ሱቆቹ ግማሹን ቀን የአዲስ አበባ ዘፈን፣ ግማሹን የሶማሌ የፍቅር ዜማ በዑድ ይለቃሉ፤ ሁለቱም ስለ ሄደ ሰው ነበር የሚያለቅሱት። የኔ ጠባብ ሱቅ በሹፌር ትሞላለች፤ አንዱ ለመስኮቱ ቀይ ዘርፍ፣ አንዱ የማርያም ሥዕል የሚያስገባበት ኪስ ስፊልኝ ይላል። ዓርብ ዓርብ ሰው ቤት የሚሠሩት ያገራችን ሴት ልጆች ዕረፍት ሲወጡ በሬ ላይ ተቀምጠው ስለ እመቤቶቻቸው ያማሉ። ወደ የመን የሚሻገሩት ደግሞ ውሃ ጠጥተው፣ አመስግነው ያልፋሉ፤ ተመልሶ ያየሁት የለም። ያቺ ሱቅ አሁን የስልክ ካርድ ይሸጥባታል፤ ሳልፍባት ፊቴን አዞራለሁ።

404ቷ ሞተሯ ደክሞ፣ ግቢያችን ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማ ነበር። አባባ ሲሞት «የሁለታችሁ ናት» ስላለ አንዳችን ያለ አንዳችን ልንነካት አንችልም። እኔ እንደ ጥንቷ ላድሳት ፈለግሁ። ቀለሟን፣ ኒኬሏን፣ ወንበሯን መልሼ ለሠርግ ላከራያት። ግርማ ደግሞ ጣሪያዋን ቆርጦ የጫት መኪና ሊያደርጋት። ወደብ ላይ ሹፌር ነበር፤ አለቃውን በቡጢ ደብድቦ ተባሯል፣ ሚስቱም ትታው ድሬዳዋ ገብታለች፤ አርባ ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰው ነው።

«እትዬ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ውጪና መንገዱን እዪው» አለኝ። «አገሩ በሙሉ ሥራ ጥሎ የሚጠብቀው ጫቱን ነው። ከፔካ 12 ተቀብሎ ቀድሞ ከተማ ያስገባ ሰው ይበላል። አንቺ ሙሽራ ስትጠብቂ በረሃብ ልታልቂ ነው።»

«ሐሙስ ሐሙስ ሠርግ የማይኖርበት ጊዜ አለ?»

«የኋላውን ወንበር ነቅዬ ጣሪያውን አወርዳለሁ፤ ባሼ ትሆናለች።» ባሼ የሚሉት ኋላዋ ክፍት የሆነውን የጭነት 404 ነው፤ ፊቷ ከኛዋ ጋር አንድ ነው፣ ያኔ በየመንገዱ ትታይ ነበር።

«ወንበሩን አትነካውም! እኔ ነኝ የሰፋሁት!»

«አንቺ የምታስታውሺው ወንበሩን ነው። እኔ የማስታውሰው ፓራውልቱን» አለና የአንጓውን ጠባሳ አፍንጫዬ ሥር አመጣው። «የዚያን ሰውዬ መኪና በብረት መቁረጫ ሳልገነጥል አልሞትም።»

መቀሴን ወረወርኩበት። ጆሮውን ስቶ የበሩ እንጨት ላይ ተተከለ። እሱም የልብስ ስፌት መኪናዬን አንስቶ ግቢው መሀል አፈረጠው። እኔም ቅድስት አልነበርኩም ለማለት ነው። እንዲህ ስንደባደብ ወራት አለፉ፤ ጎረቤቱ ለምዶን ጩኸታችን ሲሰማ ራዲዮኑን ከፍ ያደርጋል።

አንድ ቀን እሱ በሌለበት ሹፌሮች ለምኜ መኪናዋን አስገፍቼ ዓሚ ሳሊም ዘንድ ወሰድኳት። አጎቴ እንደማለት ዓሚ የምንላቸው ሳሊም ድሬዳዋ ያደጉ የመናዊ ነበሩ፤ የመኪና አካል ቀጥቅጠው የሚያቀኑ፣ በከተማው የሳቸውን ያህል እጅ ያለው አልነበረም። ማደስ እንዲጀምሩ ተስማማን። ከሳምንት በኋላ ሱቄ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ስደርስ የመኪናዋን ሆድ ገልጠው ዝገቱን ፍቀው ጨርሰዋል።

«ቢንቲ፣ ልጄ፣ ግርማ ትናንት መጥቶ ነበር» አሉኝ። «ማደሱን ተውና ቁረጥልኝ አለኝ። እምቢ አልኩት፣ ዋላሂ።»

«ለምን እምቢ አሉት?»

መልስ ሳይሰጡ ባዶ የጫማ ካርቶን አነሡ። ከነክዳኑ መሀሉን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ አልነቃነቅም አለ። ክዳኑን አነሡና እንደገና ተጫኑት፤ ከመሀሉ ተሰበረ። «ባሼዋ ከሥር ወፍራም ብረት አላት፤ ሲሠሯት ጭነት እንድትችል ብለው ያስገቡላት። ይቺ ግን የቤት መኪና ናት፣ አጥንት የላትም፤ የያዛት ቆዳዋ ነው። ፊታቸው አንድ ስለሆነ ሰው ሁሉ አንድ መኪና ይመስለዋል። ጣሪያዋን አንስተሽ ጫት ከጫንሽባት ከወገቧ ትታጠፋለች። ቀስ ብላ እንዳይመስልሽ፤ አንድ ቀን፣ እየሮጠች። አንቺ ንገሪው። እኔን ሽማግሌ ፈሪ ነህ ብሎኝ ነው የሄደው።»

ልነግረው ነበር የሄድኩት። ይህን ከእግዜር ሌላ ምስክር የለኝም። መንገዱን በሙሉ ምን ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ሄድኩ፤ የጫማ ካርቶን ላሳየው ሁሉ አስቤ ነበር። የግቢውን በር ስከፍት ግን ግርማ ከኋላው ቆሞ ጠበቀኝ።

«ያለ እኔ ፈቃድ ጥገና አስጀመርሽ?»

«ግርማ፣ ስማኝ፣ ዓሚ ሳሊም…»

ቡጢው እዚያው አፌ ላይ አረፈ። ሁለት የፊት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ሲወድቁ ተሰማኝ፤ አንዱን ዋጥኩት። ወድቄ ሳለሁ ቺንጋውን አወረደ። የአባባን ቺንጋ ከግድግዳ ላይ አውርዶ፣ አባባ ይጠመጥም እንደነበረው መዳፉ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ጀርባዬን፣ ትከሻዬን፣ ፊቴን የሸፈንኩበትን እጄን ገረፈኝ። የምሰፋበት እጅ መሆኑን እያወቀ ጣቶቼን ገረፈኝ። ጎረቤታችን ሶማሊዋ ሴትዮ «ዋርያ! ዋርያ ግርማ!» እያለች በመጥረጊያ እስክትደርስልኝ አላቆመም። አፌ በደም ተሞልቶ መሬት ላይ ሆኜ ሽቅብ አየሁት። ፊቱ ቁርጥ አባባን ነው። የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በቃል አልችለውም፤ ጥላቻ ማለት ያንሰዋል። ዓሚ ሳሊም የነገሩኝ ነገር ከደሙ ጋር አፌ ውስጥ ነበረ። ደሙን ተፋሁና የሳቸውን ነገር ዋጥኩት።

«ቁረጣት» አልኩት።

«እ?»

«መኪናዋን ቁረጣት። ውሰዳት፣ የራስህ ናት።»

ቺንጋው ከእጁ ወደቀ። «እውነትሽን ነው?» አለኝ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሎት። እውነቴን ነው አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም።

የቆረጧት ከከተማው ዳር ባልባላ ነው፣ ብረት ብሎ የመጣን ሁሉ የሚቆርጥ አንድ ሰው ዘንድ። ሄጄ ቆሜ አየሁ፣ አፌ ገና አብጦ። መቁረጫው አንገቷ ላይ ሲገባ የሚያወጣው ጩኸት ፍየል ሲታረድ ከሚያሰማው ይብሳል፤ የእሳት ፍንጣሪው ደግሞ እኔ የሰፋሁት ወንበር ላይ እየወደቀ ቆዳውን ይበሳሳዋል። ጣሪያውን አራት ሰዎች እንደ ቃሬዛ ተሸክመው አወጡት። ግርማ በተከፈተው ገብቶ የኋላ ወንበሩን በመዶሻ ነረተው፣ ድርብ ስፌቴን በቢላ ቀደደው፣ ስፖንጁን እፍኝ እፍኝ እየነጨ በተነው። ከዚያ ፓራውልቱን በእግሩ ረግጦ ረግጦ ከነቡሎኑ ገነጠለው። «አየህ?» እያለ ነበር፤ ለማን እንደሚል ከኔ በቀር የገባው አልነበረም። ሲጨርስ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ልቡ እስኪፈርስ አለቀሰ። ጠጋ ብዬ ላባብለው አልቃጣሁም።

ከዚያ ያለው ስምንት ወር የግርማ ወርቃማ ዘመን ነው። የጫቱን ሰዓት ያላየ አይገባውም። ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ከተማው ትንፋሹን ይይዛል፤ ሴቶቹ በየጥላው ጠረጴዛቸውን እርጥብ ጆንያ አልብሰው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ከባልባላ በኩል ክላክስ ይሰማል። ግርማ ጣሪያ በሌላት 404፣ ራሱን በፎጣ ጠምጥሞ፣ ኋላው ላይ ጆንያ ቆልሎ ይመጣል። ሳይቆም ነው የሚያራግፈው፤ ረዳቱ ጆንያ ይወረውራል፣ ሴቶቹ በአየር ላይ ይቀልባሉ። የቀደመው ሹፌር ሁሉ ጠላቱ ነው። ፍየል ገጭቶ ያልፋል፣ ከሌላ ሹፌር ጋር በብረት ይፈነካከታል፣ ማታ ጣቶቹ ደም ለብሰው እየሳቀ ይገባል። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ቤት ይዞ የማይመጣው አልነበረም፤ ሐብሐብ፣ የሐር ድሪዕ፣ አዲስ የስፌት መኪና። በሦስተኛው ወር እጄን ይዞ ጥርስ ሐኪም ወሰደኝና ሁለቱን ጥርሶቼን በወርቅ አስተከለልኝ። «እትዬ፣ አባባን ሆንኩብሽ» አለኝ ስንወጣ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየው እግሬ ሥር ወድቆ። አነሣሁት። ያን ቀን ልነግረው ይገባ ነበር።

ስፌት የለመደ ዓይን ክፍተት አያመልጠውም። በመጀመሪያው ወር በሮቿ ደህና ይዘጉ ነበር። በሦስተኛው ከላይ መጋጨት፣ ከታች መራቅ ጀመሩ፤ ትንሿን ጣቴን ከታች ከትቼ ለካሁት። በስድስተኛው ሁለት ጣት ገባ፤ በሩ አልከፈት አልዘጋ ሲለው ግርማ በገመድ አሰረው። አጠገቡ ቆሜ ገመዱን አቀበልኩት። ወገቧ እየወረደ መሆኑን አውቃለሁ። ቂሙ እኮ ያኔ አልቆ ነበር። ግን ብነግረው «መቼ አወቅሽ?» ይለኛል፤ ያንን ጥያቄ ፈራሁ። ነገ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ሰባት ሰዓት ይሆናል፣ ክላክሱ ይሰማል፣ ዛሬም ደህና ገባ ብዬ ቁጭ እላለሁ።

የታጠፈችው ከባልባላ ወደ አምቡሊ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ሌላ የጫት መኪና ሊቀድም ሲል ከፊቱ ከባድ መኪና ቆሞ አገኘ፤ ፍሬን ያዘ፤ ፊቷ ቆመ፣ ኋላዋ ከነጭነቱ መጣ፣ መሀሏ እንደተዘጋ መጽሐፍ ተጣጠፈ። ረዳቱ ከኋላ ተወርውሮ ክንዱ ብቻ ተሰበረ። ግርማን ወንበሩና መሪው መሀል ያዙት። ሰው ወሬውን አምጥቶልኝ በሚኒባስ ስደርስ ሕዝቡ ከቧታል። ግማሹ ለሰው አልነበረም የመጣው፤ ጆንያው ተቀዶ ጫቱ ተበትኗል፣ ሰዉ በዱላ እየተፈነካከተ ያፍሳል፣ አንዱ ጆንያ ለመድረስ የወንድሜን ትከሻ ረግጦ ቆሟል። በክርኔ፣ በጥፍሬ፣ በጫማዬ እየመታሁ ገባሁ። የረገጠውን ሰውዬ ባቱን በወርቅ ጥርሴ ነከስኩት፤ ጩኸቱ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ከዚያ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ አፋር አንዱ ሶማሌ፣ ጫቱን ዞር ብለው ሳያዩ ብረቱን በባዶ እጃቸው ሲያጣምሙ ነበር። እጃቸው እየተቆረጠ አወጡልኝ። ግርማ ዓይኑን ገልጦ «እትዬ፣ እግሬን አነሣሽልኝ?» አለኝ። እግሩ እጄ ላይ ነበር፤ አልተሰማውም።

ሆስፒታል ዓሚ ሳሊም መጡ። ኮሪደሩ ላይ ይዘውኝ ቀስ ብለው «ነግረሽው ነበር?» አሉ። አዎ አልኩ። «አላህ ያጽናሽ» ብለውኝ ሄዱ። ይህን ውሸት ይዘው ነው የሞቱት። ግርማ ደግሞ የራሱን ታሪክ ሠራ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር «በዱላ ነው ያስፈቀድኳት፤ ያ ቡጢ ነው እዚህ ያስቀመጠኝ» ይላል። ሰው ወደኔ ዞሮ ምስኪን ይለኛል። እኔም አንገቴን እደፋለሁ፤ ምስኪን መባል ለካ ይለመዳል።

እንግዲህ ከዚያ የሙሽራ መኪና ቤት ስመለስ ግርማ በር አጠገብ፣ ማራገቢያው ሥር ተቀምጦ ነበር። ዘንቢሉን ሳላስቀምጥ ነገርኩት።

«ዓሚ ሳሊም ጣሪያዋ ከተነሣ ትታጠፋለች ብለውኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ጥርሴን ያወለቅህ ቀን።»

«ከመምታቴ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት። ልነግርህ ነበር የመጣሁት።»

ዓይኑን ጨፈነ። «እሺ፣ ከዚያስ በኋላ? ወርቁን ሳስተክልልሽ? ገመዱን ስታቀብዪኝ?»

«ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«መጀመሪያ እንድትታጠፍብህ ፈልጌ። በኋላ አፍሬ።»

«ቅረቢ» አለኝ። ቀረብኩ። «ዝቅ በዪ።» ምን ሊያደርግ እንደሆነ አውቄ ዝቅ አልኩ። በጥፊ መታኝ። ያቺ አለቃ የጣለች፣ ብረት ያጣመመች እጅ ጉንጬ ላይ እንደ ጨርቅ ነው ያረፈችው። አላመመኝም። ሁለት ጊዜ መታኝና ክንዱ ደክሞ ወደቀ፤ እሱ አላለቀሰም፣ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ውጪልኝ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም፤ ማን ያጥበዋል? እኔስ የት እሄዳለሁ? በማግስቱ ጧት እንደ ወትሮው ውሃ ቀድቼ ፎጣ ይዤ መጣሁ። ደረቱን ሳጥበው ቃል ሳይናገር እንደገና ሰነዘረ፤ አልደረሰኝም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ክንዱ ከትከሻው ከፍ አይልም፣ አየሩን መትቶ ይመለሳል። ያንን ማየት አልቻልኩም። አሁን መታጠቡ ሳይጀመር ፎጣውን አስቀምጬ አጎነብስለታለሁ።